ታይገርና ሻርክ በሕንድ ልጆች ትምህርት ውስጥ

በአማርኛ «ነብር» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ደንና ገደል የሚኖረውን፣ ቢጫማ ቆዳው በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረውን አውሬ ያመለክታል። በእስያ ብቻ የሚገኘው፣ በአካል ከነብር እጅግ የሚገዝፈውና ከጀርባው ወደ ሆዱ የሚወርዱ ጥቁር ሸንተረሮች ያሉት ሌላው አውሬ ግን በኢትዮጵያ ምድር ኖሮ ስለማያውቅ የራሱ የቆየ ስም አልወጣለትም፤ በሥዕል መጽሐፍ ወይም በፊልም ያየው ልጅ እርሱንም ነብር ብሎ ይጠራዋል። ሁለቱ እንዳይምታቱ በዚህ ጽሑፍ የእስያው አውሬ «ታይገር» ይባላል፤ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራትም ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ በዱር ከሚኖሩት የዓለም ታይገሮች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚገኙት በሕንድ ነው። በዚያ አገር ታይገር አንድ ጊዜ ሊፈራና ሊከበር የሚገባው የደን ዘመድ፣ አንድ ጊዜ ተገድሎ ቆዳው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጠላት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተቆጥሮ የሚጠበቅ የአገር ሀብት ሆኖ ለልጆች ቀርቧል፤ ከእነዚህ ትምህርቶች አንዱም ሌላውን ፈጽሞ ሳያጠፋው ሁሉም እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ታሪኩን ለሚመረምር ሰው ታዲያ ልጆች ምን ተማሩ ከሚለው ጥያቄ ይበልጥ የሚከብደው የትኞቹ ልጆች ተማሩ የሚለው ነው፤ አውሬውን በሥዕል ብቻ የሚያውቀው የከተማ ልጅና አባቱ በየዕለቱ አውሬው ወዳለበት ደን የሚገባው የገጠር ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት አላገኙም፣ በአንድ ጊዜም አልደረሳቸውም።

ከትምህርት ቤት በፊት ትምህርቱ ተረት ነበረ። በሕንድና በባንግላዴሽ ድንበር፣ ጋንጅስና ብራህማፑትራ የተባሉት ታላላቅ ወንዞች ወደ ባሕር በሚገቡበት ደለል ላይ ሱንዳርባን የሚባል 10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የማንግሮቭ ደን አለ፤ ማንግሮቭ ማለት ጨዋማ ውሃ በየቀኑ በሚመላለስበት ጭቃ ላይ የሚበቅል፣ ለመተንፈስም ሥሩን ከጭቃው በላይ የሚያወጣ ዛፍ ነው። የዚህ ደን ታይገር ከደሴት ወደ ደሴት እየዋኘ ይሻገራል፤ ማር ቆራጩን፣ እንጨት ለቃሚውንና ዓሣ አጥማጁንም ይገድላል። የቤንጋል ልጆች በተረታቸው ይህንኑ አውሬ «ማማ» ይሉታል፤ ቃሉ የእናት ወንድም ማለት ሲሆን፣ የሚያስፈራውን ነገር በዝምድና ስም እየጠሩ ማለዘብ ከልጅነት የሚጀመር ልማድ መሆኑን ያሳያል።

በሱንዳርባን ከሁሉ የሚታወቀው ታሪክ የቦንቢቢ፣ ማለትም የደን እመቤት ታሪክ ነው። ቦንቢቢ ሻህ ጆንጎሊ ከሚባለው ወንድሟ ጋር ከዐረብ ምድር ተልካ ወደ ማንግሮቩ አገር ትመጣለች፤ በዚያም በታይገር መልክ እየተገለጠ ሰው የሚበላውን ዶኪን ራይን ኃይሉን ትገታዋለች፤ ነገር ግን አትገድለውም፣ ደኑን ከፍላ የእርሱን ድርሻ ትተውለታለች። ከዚህ በኋላ ዱኬ የተባለ የአንዲት ድሃ ባልቴት ልጅ ዶና ከሚባል ስግብግብ ዘመዱ ጋር ማር ለመቁረጥ ወደ ደኑ ይሄዳል። ዶኪን ራይ ለዶና ጀልባውን ማርና ሰም እንደሚሞላለት፣ በምትኩ ግን ልጁን እንደሚፈልግ ይነግረዋል፤ ዶናም ዱኬን በባሕር ዳር ጥሎት ይሄዳል። ልጁ አውሬው ሊዘልበት ሲል እናቱ የነገረችውን አስታውሶ የቦንቢቢን ስም ይጠራል፤ እርስዋም ደርሳ ታድነውና በአዞ ጀርባ ተጭኖ ወደ እናቱ እንዲመለስ ታደርገዋለች።

ይህን ታሪክ ሂንዱውም ሙስሊሙም እኩል ይናገረዋል፣ ሁለቱም ወደ ደን ከመግባታቸው በፊት የቦንቢቢን ስም ይጠራሉ። ለልጁ የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ደኑ የሰው ብቻ አይደለም፣ ወደ እርሱ የሚገባም ሰው የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ መውጣት አለበት፤ ሞትን የጠራው የታይገሩ ክፋት ብቻ ሳይሆን የዶና ስግብግብነትም ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሳይንስ ከመወለዱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ አንድ ሕዝብ ሊገድለው ከሚችል አውሬ ጋር አብሮ የመኖርን ሕግ ለልጆቹ በዚህ መንገድ ማስተማር መቻሉ ሊደነቅ የሚገባው ነው።

በቀረው የሕንድ ምድር ግን ታይገር ከተረት ይልቅ በጠብመንጃ አፍ ታወቀ። «ሺካር» የሚባለው የነገሥታት አደን በሙጋል ንጉሠ ነገሥታት ዘመን የኃይልና የማዕረግ ማሳያ ነበር፤ በኢትዮጵያ አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ ገድሎ ግዳይ የጣለ ሰው ይፎክርበትና ይከበርበት ከነበረው ልማድ በመንፈስ አይርቅም። እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ ታይገር መግደል ከማዕረግ ማሳያነት አልፎ የመንግሥት ሥራም ሆነ፤ ለተገደለ አውሬ ወሮታ ይከፈል ነበርና። ማሄሽ ራንጋራጃን የተባሉት የሕንድ የታሪክ ምሁር ከ1875 እስከ 1925 ባሉት 50 ዓመታት ከ80,000 በላይ ታይገሮች እንደተገደሉ ገምተዋል። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1911 ለዘውድ በዓል ወደ ሕንድ በመጡ ጊዜ ወደ ኔፓል ቆላ ተሻግረው ከአጃቢዎቻቸው ጋር በጥቂት ቀናት ውስጥ 39 ታይገሮች ገድለዋል፤ የሱርጉጃ ግዛት ገዥ የነበሩት መሐራጃም በዕድሜ ዘመናቸው ከ1,000 በላይ እንደገደሉ ይነገራል። በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ ስለ ታይገር ያየው ሥዕል በአብዛኛው አዳኙ እግሩን በሬሳው ላይ አሳርፎ የተነሳው ፎቶግራፍ ነበር፤ ያነበበውም መጽሐፍ አውሬውን ደም የጠማው ጠላት፣ ገዳዩንም የመንደሩን ሕይወት ያተረፈ ጀግና አድርጎ ያቀርብለታል።

ይህን ሥዕል ከውስጥ ሆኖ የለወጠው ሰው ራሱ አዳኝ መሆኑ የታሪኩ አስገራሚ ክፍል ነው። ጂም ኮርቤት በ1875 በሂማላያ ግርጌ በምትገኘው በናይኒታል ከተማ ከእንግሊዝ ወገን ተወለደ፤ ክረምቱን የሚያሳልፈው ከተራራው በታች በካላዱንጊ መንደር ስለነበረ ደኑን ያወቀው ገና በሕፃንነቱ ነው። ትምህርቱን የጀመረው በወንጭፍ ነበር፤ ወፎችን ከነድምፃቸው ለየ፣ ዱካ አነበበ፣ አጋዘኗና ዝንጀሮው አውሬ ሲያዩ የሚያሰሙትን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ለየብቻ አጠና። ከመምህሮቹ አንዱ ኩንዋር ሲንግ የሚባል የመንደር ሹም ሲሆን፣ በአካባቢው ያለ ፈቃድ በማደን የታወቀ ሰው ነበር። ኋላ በዓለም ዙሪያ የታይገር ጠበቃ ተብሎ የተጠራው ሰው የደንን ፊደል የቆጠረው በሕግ ፊት ጥፋተኛ ከሆነ አዳኝ መሆኑ ተራ ነገር አይደለም፤ ይኸው እውነት ከ100 ዓመት በኋላ በሌላ የሕንድ ክፍል ተመልሶ ይታያል።

ኮርቤት ሰው በላ የሆኑ ታይገሮችንና ነብሮችን እንዲገድል በመንግሥት ይጠራ ነበር። በ1907 የገደላት የቻምፓዋት ታይገር በኔፓልና ናይኒታል በምትገኝበት በኩማኦን አውራጃ 436 ሰዎችን እንደገደለች ይነገራል፤ ሬሳዋን ሲመረምር ግን በቀኝ በኩል ያሉት የላይና የታች ክራንቻዎቿ በቀድሞ ጥይት ተሰብረው አገኛቸው። በጤናዋ ልታድን የሚገባትን አጋዘን መያዝ ስላቃታት ወደ ሰው ዞራለች ማለት ነው። ከዚህና ከሌሎች ብዙ አጋጣሚዎች ተነሥቶ ኮርቤት የደረሰበት መደምደሚያ፣ ታይገር በተፈጥሮው ሰው አዳኝ እንዳልሆነ፣ ወደዚያ የሚገፋውም አብዛኛውን ጊዜ ያልሻረ የጥይት ቁስል፣ ሥጋው ውስጥ ተሰብሮ የቀረ የጃርት እሾህ ወይም እርጅና መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ በ1944 ባወጣው «የኩማኦን ሰው በላዎች» በተሰኘው መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ልጆችና ወጣቶች ለአደን ጀብዱ ብለው የከፈቱት መጽሐፍ ለአውሬው የሚሟገት ሆኖ አገኙት። ከመጽሐፉም በፊት በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ለተማሪዎች ስለ ዱር እንስሳት ንግግር ያደርግ ነበር፤ በንግግሩ መጨረሻም የታይገርን ድምፅ አስመስሎ በማሰማት አዳራሹን ያንቀጠቅጠው ነበር።

የኮርቤት ወዳጅና የደን ባለሥልጣን የነበረው ፍሬድሪክ ቻምፒየን ደግሞ ጠብመንጃውን በካሜራ ተካ። በሌሊት ታይገሩ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ቀጭን ሽቦ ዘርግቶ፣ አውሬው ሽቦውን ሲነካ መብራት ቦግ ብሎ ፎቶግራፉ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ዘዴ ተጠቀመ፤ በ1927 ያሳተመው መጽሐፍም ሕያው ታይገር በራሱ ደን ውስጥ ሲራመድ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን ለአንባቢ አደረሰ። በ1936 በዚያው በኩማኦን የመጀመሪያው የሕንድ ብሔራዊ ፓርክ በእንግሊዛዊው አገረ ገዥ በሔይሊ ስም ተቋቋመ። ኮርቤት ሕንድ ነጻ በወጣችበት በ1947 ወደ ኬንያ ሄዶ በኒየሪ ከተማ ተቀመጠ፤ በ1955 በዚያው ሞተ፣ ፓርኩም ከዚያ በኋላ በስሙ ተሰየመ።

ነጻይቱ ሕንድ እንስሳትን የልጆች ጉዳይ ማድረግ የጀመረችው ከመጀመሪያው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ በ1949 የጃፓን ልጆች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝሆኖቹን ያጣውን የቶኪዮ የእንስሳት መጠበቂያ አስበው በደብዳቤ ሲለምኗቸው፣ በልጃቸው በኢንዲራ ስም የተጠራች ዝሆን ላኩላቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮም በየዓመቱ በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት የዱር እንስሳት ሳምንት ይከበር ጀመር፤ ተማሪዎች ሥዕል ይሥላሉ፣ ድርሰት ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ። ይሁንና ልጆቹ በክፍል ውስጥ ታይገር ሲሥሉ፣ የውጭ ቱሪስቶች በገንዘብ ታይገር እየገደሉ ቆዳውን ይዘው የሚሄዱበት ንግድ በሕጋዊ መንገድ ይካሄድ ነበር።

ለውጡ የመጣው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ1969 ጠቅላላ ጉባኤውን በኒው ዴልሂ አድርጎ ስለ ታይገር መመናመን ካስጠነቀቀ በኋላ ነው። ታይገር ማደን በ1970 ታገደ፤ በ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ወጣ፣ በዚያው ዓመት የተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራም የተገኙት 1,827 ታይገሮች ብቻ መሆናቸውን ገለጸ። ሚያዝያ 1 ቀን 1973 ደግሞ «የታይገር ፕሮጀክት» የተባለው ታላቅ ሥራ በኮርቤት ፓርክ በይፋ ተከፈተ፤ የኔህሩ ልጅ በሆኑት በጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት ሙሉ ድጋፍና በካይላሽ ሳንካላ የመጀመሪያ ዳይሬክተርነት በዘጠኝ ጥብቅ ሥፍራዎች ተጀመረ። በዚያው ሰሞን ታይገር አንበሳን ተክቶ የሕንድ ብሔራዊ እንስሳ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሕንዳዊ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያ ክፍሎች ከሚያጠናቸው የአገሩ ምልክቶች አንዱ ይኸው ሆነ።

ቆጠራው ራሱ አንድ የትምህርት ምዕራፍ ነው። ሳሮጅ ራጅ ቾዱሪ የተባሉት የኦሪሳ የደን ባለሙያ በ1960ዎቹ ያስተዋወቁት ዘዴ የታይገርን ኮቴ በመስታወት ላይ በወረቀት መንደፍ ወይም ጀሶ አፍስሶ ቅርጹን ማውጣት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አውሬ በእግሩ አሻራ ይለያል ከሚል እምነት የተነሣ ነበር። ዘዴው ቀላልና ለልጅ እንኳ የሚገባ ስለሆነ ተወደደ፤ ነገር ግን አንዱን አውሬ ሁለት ጊዜ መቁጠር፣ የሌለውንም አለ ማለት ይቻል ነበር። በኋላ እንደ ኡላስ ካራንት ያሉ ሳይንቲስቶች የቻምፒየንን ሐሳብ በአዲስ መሣሪያ አሻሽለው፣ እንስሳው ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳውን ካሜራ በየመንገዱ ተከሉ። የሁለት ታይገሮች ሸንተረር፣ እንደ ሰው የጣት አሻራ፣ አንድ ሆኖ ስለማያውቅ እያንዳንዱን በፎቶው ለይቶ መቁጠር ተቻለ። በ2018 በተደረገው ቆጠራ ካሜራ የተተከለባቸው ቦታዎች ብዛት 26,838 ነበር፤ እንዲህ ያለ ስፋት ያለው የካሜራ ጥናት ከዚያ በፊት በዓለም ተደርጎ አያውቅም።

በትምህርት ቤቶች ያለው እንቅስቃሴ በ1970ዎቹና ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ የሕንድ ቅርንጫፍ በ1976 የተፈጥሮ ክበቦችን ማቋቋም ጀመረ፤ ክበብ ማለት ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ተሰባስበው ወፍ የሚቆጥሩበት፣ ዛፍ የሚተክሉበትና ወደ ደን ጉዞ የሚያደርጉበት ማኅበር ነው። በ1984 በአሕመዳባድ የአካባቢ ትምህርት ማዕከል ተከፈተ። በ1991 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ መህታ የተባሉ ጠበቃ ባቀረቡት አቤቱታ መነሻነት፣ የአካባቢ ጥበቃ በሁሉም የትምህርት ደረጃዎች ግዴታ ሆኖ እንዲሰጥ፣ ሲኒማ ቤቶችም ስለዚሁ ጉዳይ አጫጭር መልእክቶችን በነጻ እንዲያሳዩ አዘዘ። ፍርድ ቤት የትምህርት ቤትን ሰሌዳ ማዘዙ በብዙ አገር የተለመደ አይደለም፤ ውሳኔው ለልጅ የሚሰጥ የተፈጥሮ ትምህርትን ከመምህሩ በጎ ፈቃድ አውጥቶ የሕግ ጉዳይ አደረገው።

በ2000 ደግሞ «ሳንክቹሪ ኤዥያ» የተባለው መጽሔት በአዘጋጁ በቢቱ ሳህጋል መሪነት «ልጆች ለታይገር» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። የፕሮግራሙ ትምህርት አንድ ጠንካራ ሐሳብ አለው፤ የታይገር ደን የብዙ ወንዞች መነሻና የውሃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ፣ በሙምባይ ወይም በዴልሂ ቧንቧ ከፍቶ የሚጠጣ ልጅ ታይገሩን አይቶት ባያውቅም ባለ ዕዳው ነው። ታይገር በሥነ ምህዳር፣ ማለትም እንስሳት፣ ዕፅዋት፣ ውሃና አፈር እርስ በርስ ተደጋግፈው በሚኖሩበት ሥርዓት አናት ላይ ስለተቀመጠ፣ ለእርሱ የሚበቃ አጋዘን ካለ ለአጋዘኑ የሚበቃ ሣር አለ፣ ለሣሩም ውሃ አለ ማለት ነው። ይህ ትምህርት እውነት ነው፤ በከተማ ያደገ ትውልድም በዚህ ምክንያት ታይገርን ወደደ።

ፍቅሩ ግን አውሬውን ብቻውን አላዳነውም። በራጃስታን የሚገኘው የሳሪስካ ጥብቅ ሥፍራ፣ ከዴልሂ በመኪና ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚርቀው፣ በ2004 መጨረሻና በ2005 መጀመሪያ አንድም ታይገር እንደሌለበት ታወቀ፤ በወረቀት ላይ ሲቆጠሩ የነበሩት ሁሉ አጥንታቸውና ቆዳቸው ለውጭ ገበያ በሚፈልጉ ነጋዴዎች ትእዛዝ ታድነው አልቀው ነበር። በ2009 ደግሞ በመካከለኛው ሕንድ የፓና ጥብቅ ሥፍራ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በ2006 በአዲሱ ዘዴ የተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ የታይገሮቹን ቁጥር 1,411 ብቻ አድርጎ ሲያስቀምጥ የአገሩ ድንጋጤ ከባድ ሆነ። በሱኒታ ናራይን የተመራውና በ2005 ሪፖርቱን ያቀረበው የመንግሥት ግብረ ኃይል በግልጽ እንደተናገረው፣ በደኑ ውስጥና ዙሪያ የሚኖረው ድሃ ሕዝብ በጥበቃው ካልተጠቀመ፣ ይባስ ብሎም በጥበቃው ስም ከመሬቱ ከተነሣ፣ ታይገሩን የሚጠብቅለት ጎረቤት አያገኝም። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሥዕል ሲሥሉ የኖሩት የከተማ ልጆች ወጥመዱን የሚያጠምደውን ሰው አያውቁትም ነበር፤ የዚያ ሰው ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ትምህርት ቤት አልገባም ነበር።

ያ ሰው በብዙ ቦታ ከፓርዲ ወይም ከሞግያ ማኅበረሰብ የተወለደ ነበር። ፓርዲዎች ለብዙ ዘመን እየተዘዋወሩ በማደን የኖሩ፣ ለነገሥታቱም በአደን ጊዜ መንገድ መሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1871 ባወጣው «የወንጀለኛ ጎሣዎች ሕግ» እንዲህ ያሉ ብዙ ማኅበረሰቦችን ከነልጆቻቸው በትውልዳቸው ወንጀለኛ ናቸው ብሎ መዘገበ፤ ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1952 ሕጉ ቢሰረዝም ስሙ አልለቀቃቸውም። የ1972ቱ ሕግ ደግሞ አደንን ሲከለክል ኑሯቸውን ወንጀል አደረገው፣ በምትኩም የሰጣቸው ነገር አልነበረም። የታይገር አጥንት የሚፈልገው ነጋዴ ያገኛቸው በዚህ ጊዜ ነው።

በራጃስታን በሚገኘው በራንታምቦር ጥብቅ ሥፍራ አካባቢ «ታይገር ዎች» የተባለው ድርጅት አዳኞችን ብቻ ከመከታተል አልፎ ለሞግያ ልጆች ማደሪያ ያለው የትምህርት ዕድል አመቻቸ፤ በፓናም ለፓርዲ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ልጆቹ ወደ ክፍል ሲገቡ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፤ የወፍን ድምፅ ከመምህራቸው የተሻለ ያስመስላሉ፣ ዱካ ያነባሉ፣ የትኛው ቅጠል ለምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ኮርቤት ከኩንዋር ሲንግ የተማረው ያንኑ ነበር። ዛሬ በፓና የፓርዲ ወጣቶች ጎብኚዎችን በእግር እየመሩ የደኑን ምልክት ያስነብባሉ፤ አባቶቻቸው ለመግደል ይጠቀሙበት የነበረው ዕውቀት የልጆቹ መተዳደሪያ ሆኗል። ፓና ከ2009 ጀምሮ ከሌላ ቦታ በመጡ ታይገሮች እንደገና ተሞልቶ ዛሬ ከ50 በላይ አሉት። በአገሪቱ በሙሉም በ2022 በተደረገው ግምት መሠረት ቁጥሩ 3,682 ደርሷል። ይህ ሁሉ በትምህርት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የጠባቂዎች ብዛት፣ የካሜራው ቆጠራና የሕግ ቁጥጥር ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ለአዳኙ ልጅ ትምህርት ቤት መክፈት ከሁሉም ዘግይቶ የመጣ፣ ከሁሉም በፊት ሊመጣ የሚገባው ሥራ ነበረ።

አስቀድሞ ወደ አዳኙ ቤት የመሄድ ትምህርት በባሕር ላይ ፈጥኖ ፍሬ አፍርቷል። ሻርክ ሥጋ በል ጥርሳም ዓሣ ሲሆን፣ በ1975 ከወጣው «ጆዝ» ከተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ወዲህ በመላው ዓለም ያለ ልጅ በፍርሃት ያውቀዋል፤ ፊልሙ የተመሠረተበት መጽሐፍ ደራሲ ፒተር ቤንችሊ በኋለኛ ዘመኑ ለሻርኮች ጥበቃ ሲሟገት ኖሯል። በምዕራብ ሕንድ በጉጃራት ዳርቻ የሚመጣው ዌል ሻርክ ግን ሰው የማይነካ፣ ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል፣ አፉን ከፍቶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕይወቶችን እያጣራ የሚበላ የዓለም ትልቁ ዓሣ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ «በርሜል» ይሉት ነበር፤ ሲያድኑት መንጠቆው ላይ በርሜል አስረው እስኪደክም ይከተሉት ነበርና። ከጉበቱ የሚወጣው ዘይት የእንጨት ጀልባ ውሃ እንዳያስገባ ይቀባ ነበር፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ሥጋው ወደ ውጭ አገር መላክ ሲጀምር አደኑ በረታ። ማይክ ፓንዴ በ2000 የሠሩት ዶክመንተሪ ፊልም እልቂቱን ካሳየ በኋላ መንግሥት በ2001 ዓሣውን በ1972ቱ ሕግ ከታይገር ጋር በአንድ ደረጃ አስቀመጠው፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ ያገኘ የመጀመሪያው ዓሣ ይኸው ነው።

ሕጉ ብቻውን ባሕር ላይ ያለውን ሰው አያግደውም ነበር። የሕንድ የዱር እንስሳት አደራ ድርጅት ከክልሉ የደን መሥሪያ ቤትና ከሌሎች ተባባሪዎች ጋር በ2004 በጀመረው ዘመቻ፣ ሞራሪ ባፑ የተባሉት የሂንዱ መንፈሳዊ ሰባኪ ዓሣዋን «ቫሊ» ብለው ሰየሟት፤ በጉጃራትኛ የተወደደች ማለት ነው። የጉጃራት ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች፤ ይህ ልማድ ለመጀመሪያ ወሊዷ ወደ እናቷ ቤት የምትሄደውን ኢትዮጵያዊት ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ሰባኪው ያሉት፣ ይህች ታላቅ ዓሣ ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት የመጣች ልጃችሁ ናት፣ ልጅ ስትመጣ በመንጠቆ አትቀበሏትም የሚል ነው። መልእክቱ በጎዳና ቴአትር ተሠራ፣ ዓሣዋን በትክክለኛ መጠኗ የሚያሳይ በአየር የሚነፋ ቅርጽ ከወደብ ወደ ወደብ ዞረ፤ የቬራቫልና የሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች ልጆችም መጠኗን በዓይናቸው አዩ፤ ከተሞቹም ቫሊን ምልክታቸው አደረጓት። ከዚያ ወዲህ በመረብ የተያዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዌል ሻርኮች መረቡ እየተቆረጠ ተለቀዋል፤ መንግሥትም ለተቆረጠው መረብ ካሳ ይከፍላል። ዓሣዋን ያዳናት የባሕር ሳይንስ ማብራሪያ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ቤት አስቀድሞ የነበረው የልጅና የአባት ቤት ዝምድና ነው፤ ሳይንሱ የመጣው ከዚህ በኋላ፣ ካሜራና የሳተላይት ምልክት ይዞ፣ በራሳቸው በዓሣ አጥማጆቹ እየታገዘ ነበር።

ሱንዳርባን ግን እስከ ዛሬ ከሁሉ የከበደው የትምህርት ቦታ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ታይገር ባሏን የገደለባት ሴት የታይገር ባልቴት ተብላ ትጠራለች፤ በመንደሯም የመጥፎ ዕድል ምልክት ሆና የምትታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ባሏ ያለ ፈቃድ ደን ገብቶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ካሳ ስለማይከፈል፣ ብዙ ቤተሰብ ሟቹ የት እንደሞተ እስከ መደበቅ ይደርሳል፤ ልጁም አባቱን የገደለው አውሬ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የአገር ኩራት ተብሎ ተሥሎ ያየዋል። ለዚህ ልጅ ስለ ውሃ መነሻና ስለ ሥነ ምህዳር የሚነገረው ሁሉ እውነት ቢሆንም ኀዘኑን አይነካውም። በጥር ወር የቦንቢቢ በዓል ሲደርስ በየመንደሩ የሸክላ ምስሎች ይቆማሉ፤ ቦንቢቢ ዱኬን በጭኗ አስቀምጣ፣ ዶኪን ራይም በአጠገቧ ሸንተረራም ቆዳውን ለብሶ። ሌሊቱን የዱኬ ታሪክ በቴአትር ሲታይ ልጆቹ ከፊት ተቀምጠው፣ እናትዮዋ ልጇን ወደ ደን ስትሸኝ የምትነግረውን ቃል ከተዋናይዋ ቀድመው በአፋቸው ይሉታል።